የቀሩት አራት

ክፉ ቀን ቢመጣብህ ከጎንህ የሚቆሙ ስንት ሰዎች አሉህ? አንተን ነው የምጠይቅህ፣ አንባቢ። ቁጥር ስጠኝ። «ብዙ» አይባልም፤ «እሱ ያውቃል» ብሎ ወደ ሰማይ ማየትም አይቻልም። ዝም ካልህ ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ። ጣትህን እያጠፍህ ስትቆጥር ማንን እንደ ዘለልህ አስብ። ያ የዘለልኸው ሰው ነገ ገበያ ላይ ሲያገኝህ ምን እንደምትለውም አስብበት።

ጥያቄው የእኔ አይደለም። በመጠይቁ ላይ ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው። ሰኔ ላይ በታብሌት ተጭኖ ተሰጠኝና ከማስተምርበት ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ፣ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቄ፣ ወደ አስታ ሜዳ ይዤው ወጣሁ። አስታ ሜዳ ከአማኑኤል ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ሽቅብ የሚያስኬድ፣ ስድሳ ስድስት ቤት ያለው ጎጥ ነው። የተወለድሁትም እዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ፕሮጀክት ለአካባቢያችን የዘር ድንች ማከማቻ ቤቶችን ይዞ መጣ። ግድግዳቸው ርብራብ፣ መደርደሪያቸው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ብርሃን የሚገባቸው ፀሐይ ግን የማያገኛቸው ቤቶች ናቸው። ዘር እዚያ ሲቀመጥ አይበሰብስም፤ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። የእኛ ሰው ግን ዘሩን ከአልጋ ሥር ይከታል፤ ግማሹ ይበሰብሳል። መበስበሱን ስለሚያውቅም በመከር ጊዜ በርካሽ ይሸጥና በግንቦት በውድ ይገዛል። ማከማቻው ያለው ጎጥ ከዚህ አዙሪት ይወጣል። ጎጦቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ማከማቻው ግን ለሁለት ብቻ ነው። ማን ያግኝ የሚለውን የእኛ መጠይቅ ይወስናል ተባለ።

ሥልጠናው ደብረ ማርቆስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰጠን። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሙሉሰው ሲናገር ደስ ይላል፤ አልክድም።

«ሰው ከድህነት የሚወጣው በጉልበቱ ብቻ አይደለም» አለ። «በሚያውቀው ሰው፣ በሚያምነው ሰው፣ ከእሱ የተሻለ ኑሮ ባለው ወዳጁም ነው። ይህን ማኅበራዊ ካፒታል እንለዋለን። ይለካል፤ እንለካዋለን። ይህ ሀብት የሌለው ጎጥ የጋራ ንብረት ብትሰጠው በዓመቱ ተጣልቶ ያፈርሰዋል።»

አመንሁት። እስከ ዛሬም ግማሹን አምነዋለሁ፤ ምክንያቱም ማስረጃው እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ስማር ስንቄ ከአስታ ሜዳ ይመጣልኝ ነበር። የሚያመጣው ለገበያ የወጣ ማንም ሰው ነው። ጆንያው ላይ ስም የለበትም። ዱቄቱ የማን እንደ ሆነ ጠይቄ «የማንም ነው፤ ብላ» ተባልሁ። የበላሁትን ዱቄት ባለቤት ሳላውቅ ዲግሪ ይዤ ወጣሁ።

መረጃውን የምታስተባብረው ሶልያና ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት። ሥልጠናው ሲያልቅ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችን። «ያሉትን ብቻ ጻፉ። አትተርጉሙ፣ አትጨምሩ፣ የራሳችሁን እውቀት አታስገቡ።» ጎበዝ ተማሪ ስለ ነበርሁ ይህንንም አጠናሁ።

አስታ ሜዳ ስደርስ መጀመሪያ የሄድሁት ዘቢደር ዘንድ ነው። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ በሬ የላትም፤ አንዲት ልጅ አለቻት። ካለፈው መከር ያስቀመጠችው ዘር በሙሉ በስብሶ ነበር። ዘንድሮም ከበሰበሰ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከልጇ ጋር ደብረ ማርቆስ ለመግባትና ልብስ እያጠበች ለመኖር መወሰኗን እናቴ ነግራኛለች። ማሳዋ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና ታብሌቱን ከፈትሁ። ከኋላዋ አሥራ አንድ ጥማድ በሬ መሬቷን እያረሰ ነው። ጅራፍ ይጮሃል፤ ጎረምሶቹ ይዘፍናሉ፤ ሴቶቹ ጠላ ያመላልሳሉ።

«ችግር ቢደርስብዎት ሊረዱዎት የሚችሉ፣ ከቤተሰብዎ ውጭ ያሉ ሰዎች ስንት ናቸው?» ብዬ አነበብሁ።

ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። «ማንን ነው የምታናግረው?»

«አንቺን ነው እትዬ። ጽሑፉ እርስዎ ስለሚል ነው።»

«እንኳን ባሌ ቀድሞ ሞተ። እርስዎ መባሌን ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር።»

«ቁጥር ንገሪኝ።»

«ማን አለኝ ብለህ ነው? ከላይ ካለው በቀር ማንም የለኝ።»

«ማንም?»

«ማንም።»

በአገጬ ወደ በሬዎቹ አመለከትኋት። «እነዚያስ?»

«እነሱማ እያረሱ ነው።»

«ለማን?»

«ተምረህ ተምረህ የኔን መሬት ረሳኸው?»

አየኋት፤ አየችኝ። ዜሮ ጻፍሁ። ታብሌቱ «መልሱ ተመዝግቧል» አለኝ።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መምህር፣ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ቤት ሄድሁ። ግንቦት ላይ የዘቢደር ዘር መበስበሱ በተሰማ ማግስት፣ ሰው ሳይነሣ አንድ ጆንያ ዘር በትከሻቸው ተሸክመው ደጇ ላይ ጥለው የተመለሱ እሳቸው ናቸው። እናቴ አይታቸዋለች። ጥያቄ ሠላሳ አራት ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ስንት ሰው እንደ ረዱ ይጠይቃል።

«አንድም» አሉ።

«መሪጌታ፣ ለዘቢደር ያንን ዘር…»

«የምን ዘር? ስለ ዘር ገበሬ ጠይቅ። እኔ የዜማ ሰው ነኝ።»

«ውሸት አይሆንብዎትም?»

«በእሱ የምቀጣውን እኔ አውቃለሁ። ያንን ነገር በዚያ መስታወት ላይ ጽፈህ ካወራኸው ግን በዚህ ደጅ ሁለተኛ እንዳላይህ። ያልሁህን ጻፍ፤ የተቀጠርኸው ለዚያ አይደል?»

ለዚያ ነበር የተቀጠርሁት፤ ጻፍሁ። በአራት ቀን ስድሳ ስድስቱን ቤት ጨረስሁ። የተረዳው «ማንም የለኝ» ይላል፤ የረዳው «ማንንም አልረዳሁ» ይላል። አስታ ሜዳ ውስጥ ረጂዎችን በስም መጥራት ነውር ነው፤ ምክንያቱም አንዱን ጠርተህ አንዱን ከረሳህ የተረሳው ይቀየማል፤ ስድሳ አምስት ሰው ደግሞ ሳይረሳ የሚጠራ የለም። ራስህ የሰጠኸውን መናገር ከዚያ ይብሳል፤ ስጦታውን መልሶ እንደ መውሰድ ነው። ይህን ሁሉ ከእናቴ ጡት ጋር ጠብቼዋለሁ። ታዲያ መጠይቁን ያዘጋጀ የሩቅ ሰው ይህን ባያውቅ ምን ይገርማል? የሚገርመው የማውቀው እኔ ዜሮ መጻፌ ነው። አትተርጉም ተብዬ አልተረጎምሁም። የታዘዘ ባለሙያ መሆን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ውጤቱ ተለጠፈ። አስታ ሜዳ ከመቶ ሃያ ሦስት አግኝታ ከዘጠኙ ዘጠነኛ ወጣች። ከስሟ አጠገብ «የእርስ በርስ መተማመን እጅግ ዝቅተኛ፤ ለጋራ ንብረት የማይመከር» ተብሎ ተጽፏል። አንደኛ የወጣችው ዋና መንገድ ዳር ያለች ጎጥ ሰባ ዘጠኝ አግኝታለች። አልቀናሁባትም፤ ሰዎቿ ደጎች ናቸው። መጠይቅ ግን ለምደዋል፤ ስንት ሲባሉ ሃያ አምስት ማለት እንደሚበጅ ያውቃሉ።

በሳምንቱ አስታ ሜዳ ተመልሼ ወጣሁ። ዘቢደርን ድንቿ ውስጥ አረም ስትነቅል አገኘኋት፤ ውጤቱ ደርሷታል።

«እርስ በርሳችን አንተማመንም አሉ አሉ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ማን ነገራቸው?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ?»

«ማንም የለኝ አላልሽም?»

«እሱማ የአነጋገር ወግ ነው! የእኛ ልጅ ነው፣ ያውቃል ብዬ እንጂ።»

አብሬያት አረም መንቀል ጀመርሁ። ስነቅል ስነቅል፣ ሳላስበው አንድ ጥያቄ ከአፌ ወጣ። «እትዬ፣ ሰኔ ላይ በደቦሽ ቀን የቀረ ሰው ነበር?»

ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ዐይኗ በራ።

«አበባው ቀርቷል። ቁርጥማት ያዘኝ ብሎ ልኮብኛል፤ በማግሥቱ ግን አማኑኤል ገበያ በሬ ሲጎትት ታይቷል። ቁርጥማቱን እዚያ ሸጦት ይሆናል።»

«ሌላስ?»

«አንዱ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረው፤ እሱን ማርያም ትማረው። አንዱ እናቱን ቀብሮ ሳምንት አልሞላውም ነበር። አንዱ ደግሞ ያ ድንበሬን የገፋው ነው፤ እንደ ተኳረፍን ነን። በሬዎቹን ግን ልኳል።»

«ታዲያ መጥቷል ነው የምትይው ቀርቷል?»

አሰበች። «በሬዎቹ መጥተዋል። እሱ ቀርቷል። አራት በል።»

ከስድሳ ስድስት ቤት የእሷን ስናወጣ ስድሳ አምስት ነው። አራት ሲቀነስ ስድሳ አንድ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍሁ፤ ሳላፍርም በየቤቱ ዞርሁ። ማን ረዳህ ብሎ መጠየቅ ትቼ በደቦህ፣ በለቅሶህ፣ በሠርግህ ማን ቀረ አልሁ። እንዴት ያለ መልስ ነው የጎረፈው! የቀረውን የማያስታውስ አንድም ቤት አላገኘሁም፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ ሰበቡን፣ ሰበቡ ውሸት የሆነበትን ማስረጃ ጭምር ይነግሩኛል። መሪጌታ እንኳ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ «ሐሜት አልወድም፤ ግን…» ብለው ስድስት ስም ቆጠሩልኝ። በአንድ ቤት ጉዳይ ከሰባት ሰው በላይ የቀረበት አልተገኘም። በአስታ ሜዳ መምጣት አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው መቅረት ነው። እኔ ደግሞ ሚዛኑን ገልብጬ ይዤው ነበር።

ደብተሩን ይዤ ደብረ ማርቆስ ዶክተር ሙሉሰው ቢሮ ገባሁ። ሶልያና ከጎኑ ኮምፒውተሯን ይዛ ተቀምጣለች። አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ፈገግም አለ።

«መምህር፣ እኔም የዚሁ አገር፣ የይጁቤ ልጅ ነኝ። ደቦ ምን እንደ ሆነ አታስተምረኝም።»

«ታዲያ እያወቁ ነው ሃያ ሦስት ያሉን?»

«ቁጥሩን የሰጠኸኝ አንተ ነህ።»

ይህ በትክክል ያረፈ ጥፊ ነበር። ተቀበልሁት። «እኔ ተሳስቻለሁ፤ በጽሑፍ አምናለሁ። አሁን ያርሙት» አልሁ።

«እሺ፣ አረምሁት እንበል። ስድሳ አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚነሣላት ጎጥ ናት። እንዲህ ያለች ጎጥ የእኛን ማከማቻ ምን ታደርገዋለች? ራሷ ትሠራዋለች። ድጋፉ አቅም ለሌላቸው ነው።»

«ባለፈው የከለከላችሁን መተማመን የላችሁም ብላችሁ ነው። ዛሬ ደግሞ ስላላችሁ ነው የምትሉን?»

«ነገሩን አታቅልለው። ዝቅተኛ ውጤት ዘላቂነት የለውም ማለት ነው። ከፍተኛ ሲሆን ደግሞ ቅድሚያ ላይሰጠው ይችላል። እንደ ሁኔታው ነው።»

«ሰባ ዘጠኝ ያመጣችው ተሰጣት።»

«እሷ መንገድ ዳር ናት። መኪና ደጇ ይገባል፤ ለክትትል ይመቻል።»

ሶልያና ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። «ዶክተር፣ መንገድ ከመመዘኛዎቹ ውስጥ የለም» አለች ቀስ ብላ።

«ሶልያና፣ እባክሽ።»

«የለም ነው ያልሁት። መመዘኛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ቁጣዬ ቶሎ ይነሣል፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ተነሣሁ። ስድሳ አንድ ሰው ማሳ እንደሚያርስ፣ ሬሳ እንደሚያነሣ፣ ተማሪ እንደሚቀልብ፣ ቢሰበሰብ ግን ቆርቆሮ እንደማይወልድ ነገርሁት። ርብራብና ሚስማር ከአስታ እንጨት እንደማይበቅል፣ ምርጥ ዘርም በጸሎት እንደማይመጣ ነገርሁት። ድሃ ከድሃ ጋር ሲተሳሰር እንዳይወድቅ ይደጋገፋል፤ ከፍ ለማለት ግን ወደ ላይ የሚስብ አንድ ክር ያስፈልገዋል። ይህን አዳራሽ ውስጥ ያስተማረን ራሱ ነው። አስታ ሜዳ እንዲህ ያለ ክር ቢኖራት እኔ ነበርሁ፤ እኔም ዜሮ ጻፍሁባት። እርስዎ ደግሞ ቢሮዎን ያህል ክር ይዘው በአስፋልት ርዝመት ይለኩታል አልሁት።

አልተቆጣም። የቢሮ ሰው ሲጨነቅ ይለዝባል። «ያቺ ባሏ የሞተባት ሴትዮ፣ ስሟ ማን ነበር? እሷን በግል ላስገባት እችላለሁ። ምርጥ ዘር ይሰጣታል፤ ለጓሮዋ የሚሆን ትንሽ ማከማቻም ይሠራላታል። መስከረም ሳይጠባ ይደርሳል። ይህን የደብተር ጉዳይ ግን እዚሁ ላይ እናቁመው።»

ሰውዬውን መሳደብ ቀላል ነበር። ግን መከሩ እየቀረበ ነው፤ ዘቢደር ዘሯን የምታስገባበት የላትም፤ ልጇን ይዛ የምትሰደደው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ነገርኋት። ትወስደዋለች ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንድትወስደውም ፈልጌ ነበር። ሁለት ቀን አሰበች። በሦስተኛው ቀን እናቴ ቤት መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልወስደው ነበር» አለች። «እንዳልዋሽህ፣ የት እንደማቆመው ጓሮዬን ለክቼ ነበር።»

«ታዲያ ውሰጂው። ማን ይናገርሻል? ሁሉም ደስ ይለዋል።»

«ደስ ይላቸዋል። እሱ ነው የከበደኝ። አንድ ሰው እንኳ ክፉ አይለኝም። በሰኔ ግን አሥራ አንድ ጥማድ በሬ ሲገባልኝ፣ የእኔ ዘር በማከማቻ፣ የእነሱ ዘር ከአልጋ ሥር፤ በየትኛው ዐይኔ አያቸዋለሁ?»

«በዚያው ዐይንሽ። ልጅሽን ይዘሽ ደብረ ማርቆስ ልብስ ስታጥቢ ግን እነሱ አያዩሽም።»

«ልታስፈራራኝ ነው?»

«ማስፈራራት አይደለም፣ እውነት ነው። ይህ ትስስራችሁ ይዞ ያኖራችኋል፤ ደግሞም ይዞ ያስቀራችኋል።» ከዚያ በላይ ጮኼ ተናገርሁ። ለሃያ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነበረኝ፤ ስለ ዕብሪት፣ ስለ ይሉኝታ፣ ስለ ድህነት።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ያንተ ስንቅ ሲመጣ ‹ለምን ለአንድ ልጅ ብቻ?› አላልህም» አለች።

እሷው ቀጠለች።

«አንተን ላክንህ። ላንተ ብቻ አልነበረም የላክንህ። ሰውዬው ዘሩን ይስጥ፤ ግን ለእኔ በጓዳ አይስጥ። ዝም በሉ ብሎ የሚሰጠውን አልበላም። ሂድና ንገረው፤ ለምን እንደ ተውን እዚህ መጥቶ በአፉ ይንገረን። እኔ ብሄድም ያንን ሰምቼ ነው የምሄድ።»

ይህን መልእክት ለዶክተር ሙሉሰው በስልክ ነገርሁት፤ ስብሰባ ላይ ነኝ አለኝ። በደብዳቤ ጻፍሁለት፤ ደብዳቤው «ለሚመለከተው» ተብሎ ተመራ። የጥናቱ ማጠቃለያ ጉባኤ ሲጠራ ስሜ ከተናጋሪዎች ዝርዝር ተሠረዘ። ሶልያና ሥራውን ለቅቃለች ሲባል ሰምቻለሁ። ድንቹ አሁን እየተቆፈረ ነው፤ ዘቢደር ዘሯን ለብቻ መርጣ ጓዳዋ ወለል ላይ ዘርግታዋለች፤ በየማለዳው እየገለበጠች የለሰለሰውን ታወጣለች። እስካሁን ሦስት ቁና አውጥታ ጥላለች።

ስለዚህ በደብዳቤ ጽፌ መልስ ያጣሁበትን በአደባባይ ልበለው። ዶክተር ሙሉሰው፣ ሃያ ሦስት ስንሆን አትተማመኑም ተባልን፤ ስድሳ አንድ ስንሆን አትቸገሩም ተባልን፤ ሰባ ዘጠኝ ያመጣችው አስፋልት ስላላት ወሰደች። የእሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ስድሳ ስድስቱ ቤት አስታ ሜዳ ማርያም ደጀ ሰላም ላይ ይቆያል። መኪናው አማኑኤል ድረስ ያምጣዎት፤ የቀረውን ሁለት ሰዓት በእግርዎ ይውጡ። መጥተው በዘቢደር ፊት ቆመው ይመልሱ፦ ማከማቻውን ለማግኘት አስታ ሜዳ ምን መሆን ነበረባት?